አርባ አንድ ቀን በመሳቢያዎ ስላደረው የወንድሜ የደም ውጤት

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለቆሽትዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። የእኔ ቆሽት አርሯል፤ የወንድሜ ቆሽት ግን በአነጋገር ሳይሆን በእውነት በካንሰር ታሞ ስለነበር ልዩነቱን እንዲያውቁልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ «መዶሻው» ይለዋል። የበርና የመስኮት ብረት በያጅ ነበር፤ እኔም እሱው ያስተማረኝ ታናሹ ነኝ። ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ሱሪው ከወገቡ መንሸራተት ሲጀምር ወደ ተቋምዎ ወሰድኩት። ቀዶ ሐኪሟ ቆሽቱ ላይ ያለውን እብጠት በምስል አሳይተውን፣ በደሙ ውስጥ አንድ የፕሮቲን ምልክት እንዲለካ አዘዙ። «ቁጥሩ ዝቅ ካለ ቶሎ ቀዶ ሕክምና እናደርጋለን፤ ሽቅብ ከወጣ ግን በሽታው እየቀደመን ነው» አሉን።

አንደኛ፦ ውጤቱ ደም በሰጠ ማግስት ደርሶ ሳለ፣ ያለ ፊርማዎ ወረቀት እንዳይወጣ አዘው አርባ አንድ ቀን ከስብሰባ ስብሰባ በመዘዋወርዎ እናመሰግናለን። ወረቀቱ በመሳቢያዎ ውስጥ በሚገባ አርፏል። ወንድሜ ግን ሕመሙ ጀርባውን እንደ መጋዝ ሲቆርጠው ትራሱን እየነከሰ ነበር።

ሁለተኛ፦ በአርባ አንደኛው ቀን ግድግዳ ተደግፎ መስኮትዎ ዘንድ ሲደርስ «ይህን ሰካራም አስወጡልኝ» ስላሉ ምስጋናችን ይድረስዎ። መዶሻው በዕድሜው መጠጥ አልቀመሰም፤ ያንገዳገደው በሽታው ነበር። ጥበቃዎ የመጀመሪያውን ዱላ ትከሻው ላይ፣ ሁለተኛውን እዚያው የታመመ ሆዱ ላይ አሳረፈበት። እጥፍ ብሎ ሲወድቅ ግንባሩ በወንበር ጠርዝ ተሰንጥቆ ደሙ ወለሉን አለበሰው። ያን ጊዜ ወንበሩን አንስቼ የመስኮትዎን መስተዋት ያደቀቅኩት፣ አንገትጌዎን ይዤ ከግድግዳ ያላተምኩዎትም እኔ ነኝ፤ አልክድም። ስለ ጥርስዎ ከልብ አዝናለሁ፤ የወለቀው አንድ ብቻ በመሆኑ።

ሦስተኛ፦ መስተዋቱ እንደ ተሰበረ ወረቀቱ በሁለት ደቂቃ ተገኘ። ይህን የመሰለ ቅልጥፍና እንዳለዎት ቀደም ብለው ቢነግሩን ኖሮ ወንበሩን በመጀመሪያው ቀን ባነሳሁት ነበር።

በወረቀቱ ላይ የነበረው ቁጥር ዘጠና ነው። ሐኪሟ ቆመው አንብበው «ይሄ እኮ የዛሬ አርባ ቀን ነው!» ብለው ጮኹ። ደሙ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ አንድ ሺህ አራት መቶ ሆኗል፤ አዲሱ ምስልም በሽታው ጉበቱን እንደ ወረረ አሳየ። ቢላዋቸው ከእንግዲህ እንደማይረዳው ነገሩት። ወንድሜ ግንባሩ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ እጃቸውን ያዘና «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ አልዘገየሽም» አላቸው። ከዚያ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጮኾ ጮኾ፣ በእናታችን ክንድ ላይ ዝም አለ።

ስለ ጥርስዎና ስለ መስተዋትዎ ፍርድ ቤት ጠርቶኛል፤ እቀርባለሁ። እርስዎም ስለ አርባ አንዱ ቀን የሚጠሩበትን ዕለት እጅ ነስቼ እየጠበቅሁ፣ ለፊርማዎ ውበት ያለኝን የማይነጥፍ አድናቆት እየገለጽኩ እሰናበታለሁ።

የመዶሻው ታናሽ፣ በያጁ

ማሳሰቢያ፦ ጥበቃዎ በሦስተኛው ቀን ልቅሶ ቤት መጥቶ እናታችን እግር ላይ ወደቀ። «እማማ፣ ሰክሯል ብለውኝ ነው» እያለ አለቀሰ። አንስታ አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ይቅርም አለችው። ለእርስዎም የተረፈ ይቅርታ ይኖራት እንደሆነ ጠየቅኋት። «አልቋል በለው» ብላለች።