በላላ ቺንጋ የተሰማ ድምፅ

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፣ ለእኔም እናት፤
ማጀቴ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? የሰፈሩ ሰው፣ ከብቱ፣ ማሽላው ሁሉ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅዎ ነኢማ ደህና ናት፤ ልጆቹም ከሮቢት ሙቀት በቀር የሚጣላቸው የለም።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው እንዳይሉኝ። እርስዎ ስልክ ሲያነሱ ድምፅ ማጉያውን ስለሚከፍቱት፣ ሰላምታዬን የሚመልስልኝ ጎረቤቱ ሁሉ ነው። ይህን ግን ለብቻዎ እንዲያነቡት ፈለግሁ። ነኢማም መጻፌን እንጂ ምን እንደጻፍኩ አታውቅም።

የዘፈን ሸክላ የመሰብሰብ አባዜዬን ያውቁታል። «ሰው ላም ያረባል፤ የእኔ አማች የሚሽከረከር ሳህን ያረባል» ብለው ቤቱን በሳቅ የገደሉት አይረሳኝም። እንግዲህ ሳህኖቹ ሞባይል ከምጠግንባት ሱቅ ጓሮ ሁለት መቶ ሰባት ደርሰዋል። የዝነኞቹን አልፈልግም፤ እነሱ ሰብሳቢ አያጡም። እኔ የምወደው ድሮ ከጀውሃ እስከ ካራቆሬ በየመንገዱ ሆቴል ለምሳ ተመጋቢ ይጫወቱ የነበሩትን ለስላሳ ዜማዎች ነው። አኮርዲዮኑ እንደ ፈረንጆቹ ፖልካ ዱብ ዱብ ይላል፣ ዜማው ግን የኛው የቆላው ነው። ጥቂት ታትመው፣ ስማቸውን የያዘላቸው ሳይኖር ቀሩ።

ከነዚህ አንዱን የሮቢት ሰው በቃሉ ያውቀዋል።

ወፍ ጠባቂ ብለው ማማ ላይ ሰቀሉኝ፣
ወፎቹ በሉና እኔን አዘፈኑኝ።

ዘፋኙ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ «ጋሽ ማማው» ይሉታል። ግማሹ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር ይላል፣ ግማሹ የትንባሆ እርሻ ዘበኛ ያደርገዋል። ወፍራም፣ እንቅልፍ የተጫነው የሚመስል የወንድ ድምፅ ነው። ሁላችንም የሰማነው ከካሴት ሲሆን፣ ካሴቱ የተቀዳው ደግሞ እዚህ ሮቢት ሆቴል ያለው የጌታቸው አባት ከነበራቸው አሮጌ ማጫወቻ ነው። ሸክላው ራሱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው።

ከሁለት ወር በፊት ካራቆሬ ኸድር የሚባል ቅመም ነጋዴ ሱቅ ገብቼ፣ የበርበሬ ጣሳው የተከደነበትን ነገር ጠጋ ብዬ አየሁት። ሸክላ ነው! መሃሉን በጨርቅ ወትፎታል። አዲስ የአሉሚኒየም ክዳን አምጥቼ ስለውጠው፣ ሰውየው የሞኝ ገበያ አገኘሁ ብሎ መረቀኝ። ቤት ወስጄ በለብታ ውሃና በሳሙና አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኩት።

እናቴ፣ ዘፈኑ ያው የጋሽ ማማው ነው፤ የወጣው ግን የሴት ልጅ ድምፅ ነው።

መጀመሪያ ማጫወቻዬ የተበላሸ መስሎኝ ፈታሁት። ምንም የለበትም። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሸክላውን የሚያዞረው ቺንጋ ሲላላ ሸክላው ይቀረፍፋል፤ ሸክላው ሲቀረፍፍ ድምፅ ይወፍራል። የጌታቸው አባት ቺንጋ ላልቶ ኖሮ፣ አንዲት ኮረዳ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጋሽ ማማው ስትባል ኖረች። ጠጋኝ ነኝ የምለው እኔም አንድ ቀን አልጠረጠርኩም።

ድምፁን እንዴት አድርጌ ልንገርዎት! ቀጭን ነው፣ ግን አይሰበርም። አኮርዲዮኑ እየዘለለ ሲቀድማት አትሯሯጥም፤ ትተወውና ራሱ ተመልሶ ይጠብቃታል። «አዘፈኑኝ» የምትለው ላይ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ትውጠዋለች። ሁለት መቶ ስድስቱን ሸክላ ባንድ በኩል፣ ይህን ባንድ በኩል አድርገው ምረጥ ቢሉኝ ሳላመነታ ይህን አነሳለሁ። ደጋግሜ ሰምቼው አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን አላወቅሁም ነበር።

ያወቅሁት ሌላ ቀን ነው። በዓረፋ ማጀቴ መጥተን፣ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ግቢ ውስጥ ስጥ የሚጠብቅ አንድ ሰው የተኛሁ መስሎት ይህንኑ ዜማ ያንጎራጉራል። ከስንኙ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ሰረቅ አድርጎ ይመለሳል። ልጅቷም ሸክላው ላይ እዚያው ቦታ እንዲሁ ታደርጋለች። ማን እንደነበረ አልጽፍም። አማች ነኝ፣ ወሰኔን አውቃለሁ። ነኢማማ «እናቴ እንኳን ዘፈን፣ ሠርግ ላይ እልልታም አይወጣት» ትላለች፤ እኔም እሺ እላታለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። የፊታችን ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ጌታቸው በሆቴሉ የጥንት ዜማ ዝግጅት አለው። የጋሽ ማማው ፎቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል፣ ቤተሰቡም ካባ ሊለብስ ነው። ፎቶውን ያመጣው ታከለ የሚባል የካራቆሬ ሰው ነው፤ ፎቶው የሞተው የታላቅ ወንድሙ ነው። ታከለ አይዋሽም። ወንድሙ አኮርዲዮኑን መጫወቱ እውነት ነው። እንዲያውም ራሱ «ወንድም ጋሼ ሲዘፍን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም፤ ጉድ ነው» አለኝ።

ካሴቱ ከተከፈተ ድምፁም የሟቹ ሆኖ ይቀራል። ሸክላው ከተከፈተ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ የማጀቴ ሽማግሌዎች አይጠፉም፤ ድምፁን ያውቁታል። ባለቤትዎ ሐጂ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ሰው ዱዓ ፍለጋ የሚመጣበት ቤት ትተው ሄደዋል። የዚያ ቤት ስም በዘፈን እንዳይነሳ የሚሰጋ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያ ድምፅ የሌላ ሰው ሲባል ቆሜ መስማት ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሸክላውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሾፌሩ ሚኪያስ ከእርስዎ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ሌላ ቅጂ የለም። በስልኬ ልቀዳው ሦስት ጊዜ አነሳሁና ሦስቴም መለስኩት፤ ሳይፈቀድልኝ የምይዘው አይደለም። ቅዳሜ ማጫወቻዬን ይዤ እዚያ እገኛለሁ። ሸክላው ከመጣ በልኩ አጫውተዋለሁ። ካልመጣ ከሰው ጋር ለታከለ ወንድም አጨበጭባለሁ፣ ዕድሜ ልኬንም ሁለተኛ አላነሳውም። ቢሰብሩትም አልቀየምም።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ከክፉ ይጠብቅልን፣ ዱዓዎ አይለየን። ልጆቹ እጅዎን ይስማሉ።

ልጅዎን የሰጡት
አማችዎ

ተጨማሪ፦ ሸክላው ባይመጣም እርስዎ ይምጡ። ከጌታቸው ጋር ተነጋግሬ ከፊት አንድ ወንበር አስይዣለሁ። ለማን ነው ቢለኝ፣ ለእንግዳ ነው አልኩት።