በእሳት ዳኛው በአቶ ገዳሙ ፍቅረ ሥላሴ ቀብር ላይ ጥይት እንዳይተኮስ

የጓሳ በር የግጦሽና የደን ጠባቂዎች ማኅበር የመሥራች አባሉን የአቶ ገዳሙ ፍቅረ ሥላሴን ዕረፍት ለአባላቱ፣ ለአካባቢው ሕዝብና ለወዳጆቻቸው ሁሉ የሚያስታውቀው በመሪር ኀዘን ነው። አቶ ገዳሙ ትናንት መጋቢት 18 ቀን 2001 ዓ.ም. ከጓሳ በር በላይ በተነሣው ሰደድ እሳት ጭስ ታፍነው ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ከቀትር በኋላ በጥድማ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ይህን መግለጫ የምናወጣው ተረጋግተን አይደለም። እሳቱ አልጠፋም። ነበልባሉ ከዓይን ቢሰወርም በአስታው ቁጥቋጦ ሥርና በጓሳው ሣር ጉቶ ውስጥ ገብቶ እየጤሰ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ሰሞኑን ከቀትር በኋላ ይበረታል። የጥድማ ማርያምን ጥድ ከተቃጠለው መሬት የሚለየው አንድ ሸንተረር ብቻ ነው፤ ከጥዱ በታች ያለው መንደሩ ነው። ስለዚህ ይህ መግለጫ የደረሰው ሰው ከሥር ያለውን ማሳሰቢያ ሳያይ እንዳያስቀምጠው፣ ማንበብ ለማይችለውም እንዲያነብለት አጥብቀን እንጠይቃለን።

አቶ ገዳሙ በ1938 ዓ.ም. በዚሁ በጓሳ በር ተወለዱ። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ሄደው ዳዊት ደግመዋል። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በእርሻና በከብት ርባታ ነው። አባታቸው የእሳት ዳኛ ነበሩና ሲያርፉ ዳኝነቱ ወደ እሳቸው ተላለፈ። ነገሩን ለማያውቅ እንግዳ ለማስረዳት ያህል፣ በእኛ አገር ያረጀ የተራራ ሣር በበጋው መጨረሻ ይቃጠላል፤ ዝናብ ሲያገኘው ለከብቱ ለምለም ሆኖ ይበቅላል። መቼ እንደሚለኮስ የሚወስነው የእሳት ዳኛው ነው። ምልክቱም የታወቀ ነው። በመጋቢት ደመና ተራራውን ሸፍኖ ካንጎደጎደ በማግሥቱ ይለኮሳል፤ ዝናቡም ደርሶ ያጠፋዋል። አቶ ገዳሙ በዚህ ምልክት ለብዙ ዘመን ሲዳኙ አንድም ጎጆ አልተቃጠለም።

በ1987 ዓ.ም. ሰማዩ አንጎደጎደ፣ ዝናቡ ግን ቀረ። እሳቱ ከሣሩ አልፎ አስታውን በላ። ሰው ሁሉ ክፉ ዓመት ነው፣ ያልፋል ብሎ ተወው። እሳቸው አልተዉትም፤ ያን ዓመት ከከብታቸውና ከእርሻቸው ይልቅ ሰማዩን ሲያዩ ይውሉ እንደ ነበር ጎረቤቶቻቸው ይመሰክራሉ።

በ1992 ዓ.ም. ያው ነገር ተደገመ። አቶ ገዳሙ ነገ ዛሬ ሳይሉ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ማኅበራችንን መሠረቱ። በጥድማ ማርያም ደን ዙሪያ ሣሩ ተነቅሎ ባዶ ሆኖ የሚኖር የእሳት መቁረጫ መሬት እንዲወጣ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ደኑ በቦታው ያለው በዚያ ምክንያት ነው።

በ1996 ዓ.ም. ከእንግዲህ በነጎድጓድ ምልክት እሳት አይለኮስ ብለው በአደባባይ ዳኙ። ይህ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። ምልክቱን ለመንደሩ ሰው ያስተማሩት ራሳቸው ነበሩ፤ አሁን ደግሞ በየቤቱ እየዞሩ ያስተማሩትን እንዲረሳ ይለምኑት ጀመር። አንዳንዱ አረጁ አላቸው። አንዳንዱ ከብቴን ምን ላብላ ብሎ ተቆጣ። አብዛኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከደብረ ማርቆስ የመጡ የግብርና ባለሙያዎች ሙቀቱ እንደ ጨመረ፣ የበልጉ ዝናብ እንደ ተዛባ፣ ሣሩ ቀድሞ እየደረቀ ለእሳት የሚመቸው ወቅት እንደ ረዘመ ሲያስረዱ አቶ ገዳሙ ከፊት ተቀምጠው አዳመጡ። የአየር ንብረት ለውጥ ይባላል ሲሏቸውም «ስሙን አላውቅም ነበር። እኔ ሰማዩ ቃሉን አይጠብቅም ያልኩት ይኸንኑ ነው» ብለዋል። ከዚያ ስብሰባ ግማሹ ሰው አምኖ ወጣ፤ ግማሹ ሳያምን ወጣ።

በዚህ ሳምንት ደመናው ተራራውን ሸፍኖ አንጎደጎደ። ከላይኛው ጎጥ ያሉ ሰዎች በማግሥቱ ለኮሱ። ተንኮል የለባቸውም፤ ያደረጉት አቶ ገዳሙ ዱሮ ያስተማሯቸውን ነው። ከመካከላቸው አንዱ የገዛ ታናሽ ወንድማቸው አቶ አወቀ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው። ዝናቡ ቀረ፣ ነፋሱ መጣ።

አቶ ገዳሙ ሰው አስከትለው ወጡ። ነፋሱ በዞረ ጊዜ እሳት የሚያጠፉትን ሁሉ እሳቱ ወዳለፈበት ወደ ጠቆረው መሬት እንዲገቡ አዘዙ፤ የታዘዙት ሁሉ ተርፈዋል። እሳቸው ከላይ የቀሩትን ወንድማቸውን ሊያወጡ ተመለሱ። አቶ አወቀ ወጥተዋል። አቶ ገዳሙ አልወጡም።

ደወል ደውለው ሕዝቡን ላወጡት ለደብሩ አስተዳዳሪ ለቄስ ይስማው፣ እንዲሁም የሱቃቸውን ጀሪካን ሁሉ አውጥተው በበቅሎ ውሃ ላስጫኑልን ለቁይ ከተማው ነጋዴ ለአቶ ፈሐድ ሙሐመድሳኒ ማኅበራችን ምስጋናውን ያቀርባል።

አሁን ወደ ማሳሰቢያችን እንመለሳለን። በአገራችን ወግ እንዲህ ያለ ሰው ሲቀበር ጥይት ይተኮስለታል። ብዙ ሰው ጠመንጃውን ወልውሎ እየመጣ መሆኑን ሰምተናል። ከፍቅር እንደሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም የቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሣር ክው ብሎ ደርቋልና አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩብርሃን አበረ ለማኅበሩ የላኩት ቃል «እሳት ለገደለው ሰው እሳት አትተኩሱለት» የሚል ነው። ጥይት አይተኮስ። ችቦም ሆነ ጧፍ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ አይብራ። ለለቅሰኛ የሚሆን ምግብ ታች መንደር ተሠርቶ ይምጣ፤ ግቢው አጠገብ ማንም ጉልቻ እንዳይጎልት። ጠመንጃ ሊይዝ ያሰበ ሰው በምትኩ ውሃ በጀሪካን ይያዝ።

ለወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ ለልጆቻቸው፣ ለዘመዶቻቸውና አብረዋቸው እሳት ላጠፉ ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥልን። ያጣነው የእናንተን ሰው ብቻ አይደለም፤ እኛም ከእንግዲህ ሰማዩን የሚያይልን ሰው የለንም።

አቶ አወቀ በወንድማቸው ቀብር ላይ አይገኙም። ግብዓተ መሬቱ እስኪያልቅ ሸንተረሩ ላይ ቆመው ጭሱን ሊጠብቁ ራሳቸው ጠይቀዋል፤ ማኅበሩም ፈቅዷል። ሊያስተዛዝናቸው የሚፈልግ ሰው ውሃውን ይዞ ወደዚያ ይውጣ።

የጓሳ በር የግጦሽና የደን ጠባቂዎች ማኅበር
መጋቢት 19 ቀን 2001 ዓ.ም.