በጾም የዋጥኩት ክኒን

ላሊበላ፣ የካቲት 22 ቀን 2002 ዓ.ም.

አረጋ፣ የቤቴ ሰው፣

የኩልመስክ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጋቢህን ትተኸው ነው የሄድከው። ተኮራርፈን ስትወጣ አልጋው ላይ እያየሁት ዝም አልኩ፤ ይብረደው ብዬ ነው። አሁን ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል። ይህን ወረቀት ለሚያደርስልህ ለሾፌሩ ለምስጋኑ ጋቢውንም ሰጥቼዋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ ልልህ ነበር። ደህና ልሁን አልሁን ግን እኔም አላወቅሁት፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ያጣላንን ነገር ላንሳ። የስኳር በሽታ የለብኝም። ጎረቤታችን አሰለች ክኒኑን መደርደሪያ ላይ አይታ «ይሄማ አጎቴ የሚውጠው የስኳር መድኃኒት ነው» አለች፤ እኔ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ሳልመለስ ወሬው እናትህ ዘንድ ደረሰ። አንተም የጥምቀት ማግስት «ስኳር እንዳለብሽ ለምን ደበቅሽኝ» ብለህ ኩልመስክ እሳቸው ቤት ገባህ። ላስረዳህ ብል መቼ ሰማኸኝ? እኔ ራሴስ መቼ በቅጡ ገብቶኝ።

በኅዳር ወልድያ ሐኪም ቤት ደርሼ ስመለስ «የሴት ነገር ነው» ብዬህ ያለፍኩት አፍሬ ነው። ሐኪሟ ያለችኝ እንዲህ ነው፦ እንቁላሌ በወቅቱ በስሎ አይወጣም፣ እዚያው ተቋጥሮ ይቀራል። የወር አበባዬ ወራት የሚጠፋው፣ ሰውነቴ የሚወፍረው፣ አገጬ ላይ ፀጉር የሚበቅለው ሁሉ ከዚያው ነው። አንተ «ከኔ ጢም ያንቺ ይሻላል» ብለህ የምትስቅበት፣ እኔም አብሬህ ስቄ ጓዳ ገብቼ የምነቅለው ፀጉር። ክኒኑን የስኳር ሰዎችም ይውጡታል፤ ለኔ ግን እንቁላሉ ጊዜውን ጠብቆ እንዲወጣ ይረዳል አለች። «መካን አይደለሽም» አለችኝ። ይህን ቃል አስደግሜያታለሁ። ስኳር ሳይኖርብኝ የስኳር መድኃኒት እንዴት እንደሚሆነኝ ግን ጠይቄም አልገባኝ፤ አንተን በምን አፌ ላስረዳህ።

ምግቡም ግራ አጋብቶኛል። ሐኪሟ ስኳር፣ ማር፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ ተዪ፤ ባቄላ፣ ምስርና ጎመን አብዢ፤ በእግርሽ ሂጂ፣ ትንሽ ክብደት ቀንሺ ብላለች። እናትህ እትዬ ገለቴ ደግሞ «ማህፀኗን ብርድ ገብቶት ነው፣ ትወፍር» ብለው ገንቦ ሙሉ ማር ላኩልኝ። ማሩ የመጣው ሌላ ልጅ ሊያጩልህ ሽማግሌ በሚያማክሩበት ሳምንት ነው ይሉኛል። ልውደዳቸው ወይስ ልቀየማቸው? ማሩ አፉ እንደታሰረ ተቀምጧል። ቀጠን ማለቴን ያየ ሁሉ ደግሞ «ባሏ ጥሏት ከሳች» ይለኛል። አልከሳሁም፣ እየታከምኩ ነው ብዬ ለስንቱ ልናገር።

ዋናው ነገር ገና ነው። ጾሙ ሲገባ ሞኝነት ሠራሁ። ክኒኑ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ነው የታዘዘልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ሰው ጠዋት ምን ልበላ? ለማንም ሳልናገር የጠዋቱን ከማታው ደርቤ፣ ከቅዳሴ መልስ ገና እህል ሳልቀምስ እውጠው ጀመር። የበላሁትን ሁሉ ያስመልሰኝ ጀመር። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መነን ይህን ስትሰማ ተቆጣችኝ። ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ገብረ ሊባኖስ ሄድኩ። እየፈራሁ ብነግራቸው «ልጄ፣ ታማሚን ማን ጹም አለው? ከጥሉላቱ ራቂ እንጂ ጠዋት ቅመሺና ዋጪ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አሰለች እንዳታየኝ በሬን ዘግቼ የገብስ ቂጣ እበላና እውጣለሁ።

ማስመለሱ ግን አልተወኝም፤ ጭራሽ ባሰበት። ሽንኩርት ሲቁላላ ከወጥ ቤቱ ሮጬ እወጣለሁ። መነን «እርግዝና ቢሆንስ?» አለችኝ። የወር አበባሽ መቼ መጣ ስትለኝ ምን ልበላት? ከገና ወዲህ አላየሁም፤ ግን ከዚያ በፊትም ወራት ሳላይ የምከርም ሰው ነኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ልጅ ስንጠብቅ፣ መጣ ሲባል መምጣቱን የማላውቅ ሰው ሆንኩ። ክኒኑ ይሁን ልጅ ይሁን አላውቅም። አንድ ቀን እርግጠኛ ሆኜ በልቤ ስም አወጣለሁ፤ በማግስቱ ምን ያቃዠኛል ብዬ ራሴን እሰድባለሁ። መነን «ክኒኑን መቀጠልሽም መተውሽም ይህ ሳይታወቅ አይሆንም፣ ነይና በሽንት እንየው» ትለኛለች። በጤና ጣቢያው በር በየቀኑ አልፋለሁ፣ አልገባም።

ይህን ልነግርህ አልፈለግሁም ነበር። ልጅ አለ ብዬ ብጽፍልህ ለልጁ ትመጣለህ፤ የለም ብዬ ብጽፍልህ አትመጣም። ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን አሁን፣ እኔም ሳላውቀው፣ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው። ልክ ልሁን ልሳሳት እሱንም አላውቅ።

ቅዳሜ ገበያ ነውና መኪና አለ። ና፣ ጤና ጣቢያው አብረን እንግባ። ካልመጣህ ለጤናዬም ስል ብቻዬን እገባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ «የለም» ሲሉኝ አጠገቤ መቆም የማትችል ከሆነ፣ «አለ» ሲባል ሰምተህ እንዳትመጣ።

እትዬ ገለቴን ስለ ማሩ አመስግንልኝ፤ የምሬን ነው። አሸተን ማርያም ከክፉ ትጠብቅህ። ጋቢውን ልበሰው፤ ብትመጣም ባትመጣም ብርዱ ብርድ ነው።

ንጋት፣ ሚስትህ