አሸተንን በወንበር ለሚያስወጡት ዲን

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ላሊበላ

ብዕሩን የያዘችው በኮሌጅዎ አስጎብኚነት የምትማረው የልጅ ልጄ ንጋት ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የባለበቅሎው ስለሆነ፣ ቢቆጡም በእኔ ይቆጡ እንጂ ውጤቷን አይንኩብኝ። እንደምን ሰንብተዋል? ወንበርዎ ይመችዎ፤ የእኔ ጉልበት እንደከዳኝ የእርስዎ እንዳይከዳዎ አሸተን ማርያም ትጠብቅዎ። ደጅ ብጠና ብጠና ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልሁ፣ መቆሙም ስለደከመኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ አጻፍሁት።

አንደኛ፣ ተማሪና ድርጅት ተባብረው ይማሩበታል ብለው ስላስመጡት ዐይን ጋርዶ የሩቁን ከፊት አቅርቦ ስለሚያሳይ መነጽር አመሰግናለሁ። ንጋት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች በዚያ መነጽር ውስጥ ከአዲስ አበባው አስጎብኚ ድርጅት ሰዎች ጋር እየተገናኘች፣ እንግዳ ይዛ አሸተን ተራራ ወጥታ ወርዳለች አሉ፤ ቀሚሷ ላይ ግን አቧራ አላየሁም። የመነጽሩ እንግዳ ትንፋሽ አያጥረው፣ በቅሎዋ አትደነብር፣ ዝናብ አይመጣ። እንዲህ ያለ እንግዳ እኔም በዕድሜዬ በገጠመኝ።

ሁለተኛ፣ በወላጆች ቀን መነጽሩን ለእኔም ስላጠለቁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከፊቴ ድቅን ቢል ጫማዬን አውልቄ ልሳለም ጎንበስ አልሁና ግንባሬን ከጠረጴዛዎ ጋር አላተምሁት። አዳራሹ ሳቀ። የሚያስቀውስ ደጀ ሰላም አይቶ ጎንበስ የማይል የላስታ ሰው ቢገኝ ነበር።

ሦስተኛው ግን አያስቅም። የገና በዓል ሲደርስ ያው ድርጅት እንግዳ ይዞ መጣ። ንጋት እርስዎ የሰጧትን የልምምድ ወረቀት ይዛ ብትሄድ፣ ከእውነተኛ እንግዳ ጋር ስላልሠራሽ አናሠራሽም ብለው መለሷት፤ አስጎብኚም ከሌላ አገር አመጡ። በመነጽሩ ሲያሠለጥኗት የከረሙት እነሱ፣ ልምድ የላትም ያሉትም እነሱው። ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። ይህ በመነጽርዎ አይታይ ይሆናል።

መነጽሩን ጣሉት አላልሁም። ክረምት መንገዱ ሲጨቀይ ይማሩበት። በበጋ ግን ድርጅቱ ተማሪዎቹን የምር እንግዳ ያሲዛቸው፤ ለጥምቀት የቀሩት እንግዶች ሳይመለሱ ንጋትንም እንግዳ ያሲዟት። በቅሎዎቼ እንደሆኑ ቆመዋል።

ደጅዎ ቆሞ መጠበቅን ካስተማሩት ሰው፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ባምላክ ይታገሱ
ፊርማ ስለማላውቅ አውራ ጣቴን አትሜያለሁ፤ የምር ጣት ስለሆነ ቀለሙ እጅዎን እንዳያጎድፈው ይጠንቀቁ።

ማሳሰቢያ፦ አሸተንን በዐይንዎ ማየት ካማረዎ፣ ወንበር ለለመደ ሰው የምትሆን ለዘብ ያለች በቅሎ አለችኝ። ገደሉ አፋፍ ሲደርሱ መነጽሩን ያጥልቁት፤ ምንም አይታይዎትም።

በይ ንጋት፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ዲኑን ፈርተሽ ያለዘብሽው ቃል ካለ ድምፅሽ ያሳብቅብሻል።