በእድራችን ድንኳን ሥር ስለተሰማው የድንኳን ክስ

ለተከበሩ ጓድ መሸሻ ነገሬ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ቀራንዮ፣ ነሐሴ 1974 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ከሳልና ከቁርጥማት በቀር ደህና ነን። እርስዎን ዝናብ እንደማያገኝዎ ስለምናውቅ በዚህ በኩል ሐሳብ የለብንም።

ይህን የምጽፍልዎ የሰፈራችን እድር ዳኛ ይገዙ ሀብተማርያም ስሆን፣ ጉዳዩም ባለፈው መስከረም ለአብዮት በዓል ብለው ለሦስት ቀን የተዋሱን ድንኳን ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ከጉሮሮው ቀንሶ ያሠራው መሆኑን ያውቃሉ፤ አባትዎን የቀበርን ለት ለቀስተኛው የተቀመጠው በእሱ ሥር ነበር።

አንደኛ፣ በዓሉ አልፎ ድንኳኑን ልንወስድ ስንመጣ የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑን ስላስረዱን እናመሰግናለን። ሰፊው ሕዝብ እኛ መስሎን ነበር። ለካስ ጦር ኃይሎች አካባቢ ሠርግ የሚደግሱና ኪራዩን በእጅዎ የሚያስጨብጡዎት ሰዎች ኖረዋል።

ሁለተኛ፣ በሐምሌ አቶ ዩሱፍ ከሊፋ ሲሞቱ፣ የእድራችን ሕግ ለሟች ቤት ድንኳን ይተከል ስለሚል ሰው ላክንብዎ፤ ተከራይቷል ተባልን። የሟች ቤት አንድ ክፍል ናት። ለቀስተኛው ደጅ ዝናብ ላይ ተቀመጠ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሃጂራም ሰው እየበሰበሰ እኔ ከጣራ ሥር አልቀመጥም ብለው ከሰው ጋር ተቀመጡ፤ የመጣውንም ሁሉ ይቅርታ ሲጠይቁ ዋሉ። ባሏ የሞተባት ሴት ለቀስተኛን ይቅርታ ስትጠይቅ ያየሁት ያን ለት ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሦስተኛ፣ ሕግ አለ ብለን ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰስን። ችሎቱ በቀበሌው ግቢ በዚያው በድንኳናችን ሥር ስለተሰየመ፣ ስለ ድንኳናችን መወሰድ ጠብታ ሳይነካን ለመመስከር በቅተናል፤ ስለ መስተንግዶው ምስጋና ይድረስዎ። ዳኞቹ ማስረጃ አምጡ ሲሉን ቀና ብለን ከማየት በቀር የምንጨምረው አልነበረንም። ወይዘሮ ሃጂራ ቁርአን፣ እኔም ወንጌል ይዘን ማልን። እርስዎ በፈጣሪ ስለማያምኑ መሐላ እንደማይመለከትዎ ተናገሩ፤ ዳኞቹም ያልማለውን አምነው መዝገቡን ዘጉ። ክርስትና የተነሡበት መድኃኔዓለም አሁንም ከቢሮዎ መስኮት ይታያል።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ጓድ መሸሻ፤ ከንዴቴ ይልቅ ሐዘኔ ይበልጣል። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ማንም ሳያዝዝዎ አካፋ ይዘው የሚሮጡትን ጎረምሳ አውቀው ነበር። ያንን ልጅ የት እንደቀበሩት አላውቅም፤ ብናውቅ ኖሮ እናለቅስለት ነበር።

ድንኳኑ ተመለሰም አልተመለሰም እድራችን ለእርስዎ ቤት ሐዘን እንደማይቀር እያረጋገጥኩ፣ ከማያፈስ ጣራዎ ሥር ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር እንዲያድልዎ፣ ቢያምኑበትም ባያምኑበትም፣ የምለምንልዎ፣

ይገዙ ሀብተማርያም

ግልባጭ፦ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ በር ለሚያልፍ ሁሉ

ሳይነሣ እንዳይቀር፦ እናትዎ ወይዘሮ ወለተጻድቅ መታመማቸውን ከሥራዎ ብዛት የተነሣ ምናልባት አልሰሙ ይሆናል። ትናንት የንስሐ አባታቸው ባሉበት አስጠርተውን፣ ልጃቸው ድንኳኑን በገዛ እጁ ለእድሩ ካልመለሰ በቀር፣ ሲሞቱ ሌላ ድንኳን እንዳንተክልባቸውና ለቅሷቸው እንደ ዩሱፍ ለቅሶ ዝናብ ላይ እንዲሆን ተናዘዋል። የሚያስታምሟቸው ወይዘሮ ሃጂራ ናቸው። ክረምቱ ገና አልወጣም።