አባትሽ በየኅዳጉ የጻፈው

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሚያዝያ ፱ ቀን

ለሩቋ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ስለ ወገቤ ጠይቀሽኛል፤ እንደ ልማዱ ነው፣ ብርድ ሲሆን ይነሳብኛል። እሱን ተዪው። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አባትሽ መጻሕፍት ነው። ሙት ወቃሽ አትበዪኝ እንጂ ነፍሴ ተጸይፋቸዋለች።

«ለቤተ መጻሕፍቱ ስጪያቸው፣ አባዬ ልብ ወለዶቹን እንዴት እንደጻፈ ሰው ይማርበት» ብለሽኝ አልነበር? እሺ ብዬ አቧራቸውን ላራግፍ ገባሁ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር አንዱንም ገልጬ አላውቅም፤ «እጅሽ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል» እያለ አያስነካኝም ነበር። አሁን ማን ይከለክለኛል? ገለጥኩ። በየገጹ ዳር በእርሳስ የሞነጫጨረው ስለ መጽሐፉ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስለ እኛ ነው።

እናቴ ያረፈች ቀን፦ «ሚስቴ አፏን ከፍታ አለቀሰች፤ ምራቋ አገጯ ላይ ወረደ። ለምዕራፍ ሰባት ይሆናል።» ያን ቀን እኮ አቅፎኝ ነበር! በአንድ እጁ አቅፎኝ በሌላው ሲጽፍ ኖሯል። አስመለሰኝ፤ ነገር ለማሳመር አይደለም፣ እውነቴን ነው፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ።

የታች ቤቷ ልብስ ሰፊ ባሏ ጥሏት የሄደ ዕለት እኛ ዘንድ መጥታ ስታለቅስ፣ «ንፍጧን በመጋረጃችን ጠረገች፤ ግሩም» ይላል። ግሩም! ሴትየዋ ዛሬም የእሱን ደግነት አውርታ አትጠግብም።

ቅዳሜ የቤተ መጻሕፍቱ ሹም ነጭ ጓንቱን አጥልቆ መጣ። ያቺኑ የእኔን ምራቅ አንብቦ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረውም።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ወርቅ ነው! ምን ያለ ዓይን ነበራቸው!»

«ዓይንስ ነበረው፤ አንጀት ነው የጎደለው» አልኩት።

አልገባውም። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለ። አልፈረምኩም፣ ሐሙስ ተመለስ አልኩት።

እሱ እንደወጣ የአባትሽን እርሳስ አነሳሁና መልስ መጻፍ ጀመርኩ። «ውሸት፤ አፌን አልከፈትኩም» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «ብከፍትስ? እናቴ ናት የሞተችው» ብዬ ጨመርኩበት። ለልብስ ሰፊዋም መለስኩላት፦ «መጋረጃው ታጥቦ ጠርቷል፤ አንተ ነህ ያልጠራኸው።» ጣቴ እስኪቆስል ጻፍኩ። ሹሙ ከወሰደ የሁለታችንንም ይወስዳል፤ ያኔ እፈርማለሁ።

አንዱን መጽሐፍ ግን አልሰጠውም። የፈላ ውሃ እግርሽ ላይ የተደፋ ቀን አባትሽ አቅፎሽ አራት ፎቅ ወርዶ ሐኪም ቤት ድረስ እንደሮጠ ልብ ወለዱ ውስጥ ጽፎታል፤ አንቺም ለልጆችሽ ትተርኪዋለሽ። ስድስት ዓመትሽ ነበር፣ ራስሽን ስተሽ ነበር፣ ከየት ታውቂዋለሽ? በዚህ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ጩኸቷ መጀመሪያ ድምፅ የለውም። ይህን ጽፌ ስጨርስ እናትና ልጅ ደረጃውን ወርደዋል። ያነሳኋት እኔ ብሆን ለታሪኩ ይሻላል።»

ስትወጂው ማየት ደስ ስለሚለኝ ይኸን ሁሉ ዓመት ዝም አልኩ። አሁን አቃተኝ። መጽሐፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ከሥሩ ምንም አልጻፍኩም፤ ቦታው ያንቺ ነው። አባትሽ ነውና ጥዪው አልልሽም።

ክፉ አይንካሽ፤ ልጆችሽን ከእሳትም ከፈላ ውሃም ይጠብቅልሽ። ወገብሽን ታከሚ እያልሽ ደግሞ አትጨነቂ። ያን ደረጃ ከወረድንበት ቀን ጀምሮ ነው የሚያመኝ፣ ለምጄዋለሁ።

እናትሽ