«ለደኅንነታችሁ ሲባል አትቁሙ» ላሉን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የአረጋውያን መኖሪያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ይህንንም የምመኘው እርስዎ የእኛን ጤና ጠይቀውን ስለሚያውቁ ሳይሆን፣ ሰላምታ ሳያቀርቡ ወደ ነገር መግባት ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ ነው። እኔ በታችኛው ፎቅ፣ በሰባት ቁጥር ክፍል ከባለቤቴ ጋር የምኖር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ። በአደባባይ መጻፌም በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ ነው።

ከቅሬታ በፊት ምስጋና ይቅደም። ከሁለት ወር በፊት ልብስ ሰፊው ጓደኛችን ገና ተወልውሎ ውኃው ባልደረቀ ኮሪደር ላይ ተንሸራቶ የእጁ አንጓ ሲሰበር፣ እርስዎ ጊዜ ሳያጠፉ ጥፋተኛውን አገኙት፤ ጥፋተኛውም የጠዋቱ የቡድን የአካል እንቅስቃሴያችን ሆነ። ሰውዬው የወደቀው ከቁርስ ሲመለስ ነው፤ ወለሉ እርጥብ መሆኑን የሚናገር ምልክትም አልነበረም። ግን ምን ይደረግ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነና፣ በማግስቱ «ለደኅንነታችሁ ሲባል በእንቅስቃሴ ሰዓት መቆም ተከልክሏል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጠፈልን። ኮሪደሩ ዛሬም ያለ ምልክት ይወለወላል።

እንግዲህ በትሕትና የማቀርባቸው ቅሬታዎች እነሆ፦

፩. አሠልጣኛችንን በተመለከተ። «ቁሙ» የሚለውን ቃል ከአፏ ስለማትለይ ስሟ ራሱ «ቁሙ» ሆኖ የቀረው አሠልጣኛችን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አሥራ አራታችንን በክብ ሰብስባ፣ የወንበር መደገፊያ ይዘን እንድንነሳ፣ በጣቶቻችን ጫፍ እንድንቆም፣ ኳስ እንድንቀባበል ስታደርገን ኖራለች። ኳሷ ጭንቅላት ስትመታ ኮስታራዋ ጡረተኛ ዳኛ እንኳ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ዛሬ የዚህች ባለሙያ ሥራ በእሷ ፈንታ ስፖርት የሚያሠራ ፕሮግራም በቴሌቪዥን ከፍቶ መዝጋት ነው፤ ስትከፍትም ዓይናችንን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስለ ሰጧት ሹመት እናመሰግናለን።

፪. በቴሌቪዥኑ ውስጥ ስለሚዘሉት ወጣቶች። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ እኛም ከወንበር እንዳንነሳ ታዘን እጃችንን አጣጥፈን እናያቸዋለን። መዝገቡ ላይ ግን ሁላችንም «ተሳትፈዋል» ተብለናል። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ አንገታቸውን ደፍተው የሚያንኮራፉት የቀድሞው የሒሳብ መምህርማ «በከፍተኛ ንቃት ተሳትፈዋል» ተብሎ ተጽፎላቸዋል።

፫. መቀመጥን በተመለከተ። ኧረ ስለ መቀመጥስ እኔን ቢጠይቁኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሪ ኋላ ተቀምጫለሁ፤ መቀመጥ እግር የሚያጠነክር ቢሆን ኖሮ ዛሬ የግቢውን አጥር በዘለልኩ ነበር። ወደዚህ ቤት በከዘራ ነው የገባሁት፤ ከዘራዬን ያስጣለኝም «አንዴ ብቻ፣ እንደገና!» የሚለው የአሠልጣኟ ጭቅጭቅ እንጂ የእርስዎ ማስታወቂያ አይደለም።

፬. ባለቤቴን በተመለከተ። ባለቤቴ አዋላጅ ነበረች፤ ዕድሜዋን በሙሉ ቆማ የሠራች፣ የስንቱን እናት ወገብ የደገፈች ሴት ናት። አምና የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ሐኪሙ «ከእንግዲህ መራመዷን እንጃ» ካለ በኋላ፣ በዚያ ክብ ውስጥ ከሳምንት ሳምንት እየተሻላት፣ አንድ ቀን ማንም ሳይደግፋት ተነስታ መጸዳጃ ቤት ደርሳ ተመለሰች። ያን ቀን አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም። ከማስታወቂያው ወዲህ ግን እግሯ ዓይኔ እያየ ከዳት። አሁን ጠዋት የምትነሳው አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ ነው፤ በዚያ ላይ «ቀስ በል፣ አንተም እንዳትወድቅ» እያለች ለእኔ ትጨነቃለች። ክፍላችን ውስጥ ላለማምዳት ስሞክር ተረኛዋ አስታማሚ ደረሰችና፣ እያዘነችም ቢሆን፣ መመሪያው ለክፍል ውስጥ ልምምድም ይሠራል ብላ አስቀመጠቻት።

ይህንንም በትዕግሥት ባለፍነው ነበር፤ ዳሩ ግን ይኸው የእርስዎ ቢሮ በመጪው ሐሙስ ዓመታዊ የአቅም ምዘና እንደሚያካሂድ አስታወቀን። ምዘናውን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፦ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳት ነው። ያልቻለ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ የአልጋ ቁራኞች ወደሚተኙበት ክፍል ይዛወራል። ከዚያ ፎቅ በእግሩ የወረደ ሰው እስካሁን አላየንም፤ ለባልና ሚስት የሚሆን ክፍልም እዚያ የለም። እንግዲህ ቆመን እንዳንለማመድ የከለከሉን ሰው፣ መቆም አልቻላችሁም ብለው ሊለያዩን ነው! አርባ ስድስት ዓመት አብረን ተኝተን አብረን የተነሳን ሰዎች ነን። ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራልና መመሪያውን ለማንሳት ቢከብድዎ ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ግፍ ነው፤ የጨዋ ቃል ፈልጌለት አጣሁ።

፭. ሾርባው ይቀዘቅዛል። እሱ ሊቆይ ይችላል።

በዚህ የተነሳ ትናንት ቴሌቪዥኑ ፊት እንደ ተቀመጥን መከርን። ዳኛዋ መነጽራቸውን አድርገው ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ ምዘናውም እንቅስቃሴ ነውና መመሪያው እስካልተሻረ ድረስ መከበር አለበት ሲሉ ፈረዱ። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት መዛኙ «ተነሱ» ሲል፣ አሥራ አራታችንም ለደኅንነታችን ሲባል ከወንበራችን ንቅንቅ አንልም። ዘጠኛችን አምስት ጊዜ ቀርቶ አሥር ጊዜ መነሳት እንችላለን፤ እኔም አንዱ ነኝ። ሁላችንንም ወድቀዋል ብላችሁ ጻፉና ወደ ላይ አውጡን። እዚያ ያሉት ባዶ አልጋዎች ሦስት ብቻ መሆናቸውን ጠይቀን አረጋግጠናል፤ አሥራ አራት ሰው በሦስት አልጋ ላይ ማስተኛት የእርስዎ ጥበብ ነው። ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ «አንተ እንኳ ተነስ፣ በእኔ የተነሳ አትጎዳ» ስትለኝ አደረች። በትዳራችን ቃሏን ስጥስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አልነሳም።

መመሪያዎን አክብረው የተቀመጡትን አሥራ አራት ነዋሪዎች በመወከል፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እንዳልነሳ መቆም ስለተከለከለ ከነወንበሬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከላቀ አክብሮት ጋር፣

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር
ክፍል ሰባት (ለጊዜው ከባለቤቱ ጋር)

ግልባጭ፦ ለመመገቢያ አዳራሹ በር

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሰኞ ስለ ምዘናው ሊያብራሩልን አዳራሽ መጥተው ከወንበር ሲነሱ፣ በሁለት እጅዎ ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ «እህህ» ብለው፣ በሁለተኛው ሙከራ እንደ ተሳካልዎ አሥራ አራታችንም አይተናል። ዕድሜዎ ገና ሃምሳ ሁለት ነው አሉ። መመሪያውን ቀደው ከጣሉት ጠዋት ሦስት ሰዓት ይምጡ፣ ከባለቤቴ ጎን ወንበር እንይዝልዎታለን፤ ካልጣሉት ደግሞ ከሦስቱ አልጋዎች አንዷን፣ በመስኮቱ በኩል ያለችውን፣ ለእርስዎ እንተዋታለን።